መዋዠቅ መቼ ገፊ ኃይል ይሆናል? የማሪያን ስሞሉሆቭስኪ ሕይወትና ሥራ

መግቢያ

ከነቀምቴ በስተደቡብ በሚገኘው የአርጆ ደጋ፣ ማለዳ ላይ ፀሐይ በቆርቆሮ ጣራ የሚስማር ቀዳዳ ሾልካ ስትገባ በጨለማው ቤት ውስጥ ቀጥ ያለ የብርሃን ዘንግ ትተክላለች። በዚያ ዘንግ ውስጥ የአቧራ ቅንጣቶች ያለ ዕረፍት ሲወጡና ሲወርዱ ይታያሉ። በአንድ ጥግ ምድጃ እየነደደ ከሆነ እንቅስቃሴው ሥርዓት አለው፤ ቅንጣቶቹ ከእሳቱ በላይ ይወጣሉ፣ በቀዝቃዛው ግድግዳ አጠገብ ይወርዳሉ። እሳቱ ጠፍቶ፣ በሩ ተዘግቶ፣ የቤቱ ሙቀት ከጥግ እስከ ጥግ አንድ ቢሆን ይህ ዑደት ይቆማል። ዓይን የማያየው ሌላ እንቅስቃሴ ግን አይቆምም። የአየሩ ሞለኪውሎች እያንዳንዱን ቅንጣት ከየአቅጣጫው መምታታቸውን፣ ቅንጣቱም በጥቂቱ መንቀጥቀጡን ይቀጥላል።

እነዚህ ሁለት እንቅስቃሴዎች በመልክ ቢመሳሰሉም በባሕርይ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ከሙቀት ልዩነት የመነጨና ሥራ ሊሠራ የሚችል ፍሰት ነው። ሁለተኛው ሚዛኑን በጠበቀ ሥርዓት ውስጥ ሳይቋረጥ የሚኖር መዋዠቅ ነው። ከሁለቱ ልዩነት አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ ከዚህ ሥርዓት የለሽ መዋዠቅ አቅጣጫ ያለው ገፊ ኃይል ማግኘት ይቻላልን? የሚቻል ከሆነስ በምን ዋጋ? ጥያቄውን በጠራ መልኩ ካቀረቡትና መልሱንም በስሌት ከመረመሩት ሊቃውንት መካከል ቀዳሚው ፖላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ማሪያን ስሞሉሆቭስኪ ናቸው። ይህ ጽሑፍ የእኚህን ሊቅ ሕይወት ይተርካል፤ ሐሳባቸው ዛሬ ከሚዛን በወጡ ሥርዓቶች ላይ ለሚደረገው ጥናት መሠረት የሆነበትንም መንገድ ያሳያል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ትምህርት

ስሞሉሆቭስኪ ሜይ 28 ቀን 1872 በቪየና አቅራቢያ በምትገኘው ፎርደርብሩል በተባለች ስፍራ ተወለዱ። በዚያ ዘመን ፖላንድ የሚባል መንግሥት በካርታ ላይ አልነበረም፤ ምድሪቱ በሩሲያ፣ በፕሩሺያና በኦስትሪያ ተከፋፍላ ትተዳደር ነበር። አባታቸው ቪልሄልም በንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍ ጽሕፈት ቤት ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበሩ። ቤተሰቡ በኦስትሪያ መዲና አካባቢ ቢኖርም በቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋና የሚጠበቀው ባህል የፖላንድ ነበር። ልጁ ከሙዚቃም ጋር ስላደገ ፒያኖ መጫወት እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ አብሮት ኖሯል።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ቴሬዚያኑም በተባለው የቪየና ትምህርት ቤት ካጠናቀቁ በኋላ በ1890 ወደ ቪየና ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በዚያም ከሙቀት ጨረር ሕግ ጋር ስሙ በተያያዘው በዮሴፍ ሽቴፋንና በፍራንዝ ኤክስነር ሥር ፊዚክስ ተማሩ። በ1895 የዶክትሬት ማዕረጋቸውን ያገኙበት ሥራ ለስላሳ አካላት ያላቸውን የመለጠጥ ባሕርይ በድምፅ አማካይነት የሚመረምር ነበር። ቀጥለው በፓሪስ በሊፕማን፣ በግላስጎው በሎርድ ኬልቪን፣ በበርሊን ደግሞ በቫርቡርግ ቤተ ሙከራ ሠሩ።

ከዚህ ጉዞ የተገኘው የመጀመሪያ ትልቅ ውጤት በ1898 ታተመ። የሳሳ ጋዝ ከጋለ ግድግዳ ጋር ሲገናኝ በግድግዳውና በጋዙ መካከል ያለው ሙቀት ቀስ በቀስ አይለወጥም፤ በመገናኛቸው ላይ ዝላይ ያሳያል። ስሞሉሆቭስኪ ይህን ዝላይ በሙከራ ለክተው ጋዝ ከሚጋጩ ሞለኪውሎች የተሠራ ነው በሚለው ንድፈ ሐሳብ አብራሩት። ጋዝን እንደ አንድ ወጥ ፈሳሽ የሚመለከት አስተሳሰብ ዝላዩን ሊያብራራ አይችልም ነበር። ገና የ26 ዓመት ወጣት ሳሉ የሞለኪውሎችን መኖር የሚያጋልጡ ትንንሽ ምልክቶችን ማሳደድ ሥራቸው ሆነ።

በ1899 በዚያን ጊዜ በኦስትሪያ አስተዳደር ሥር ወደነበረችው፣ ዛሬ በዩክሬን ወደምትገኘው ልቮቭ ተዛውረው በዩኒቨርሲቲው ማስተማር ጀመሩ። በ1901 ከዞፊያ ባራኒየትስካ ጋር ትዳር መሠረቱ፤ አልዶናና ሮማን የተባሉ ሁለት ልጆችንም ወለዱ። በ1903 ሙሉ ፕሮፌሰር ሆኑ። ከማስተማሩና ከምርምሩ ጎን ለጎን ተራራ መውጣት ሌላው ፍቅራቸው ነበር። በተማሪነታቸው ዘመን ከወንድማቸው ከታዴዎሽ ጋር በዶሎሚት ተራሮች ላይ ከዚያ በፊት ሰው ያልረገጣቸውን ጫፎች ወጥተዋል፤ በታትራ ተራሮችም ስማቸው የታወቀ ነበር።

የአቶም ክርክርና የብራውን እንቅስቃሴ

የ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ለፊዚክስ የክርክር ዘመን ነበር። በአንድ ወገን ሉድቪግ ቦልትዝማን ሙቀት የአቶሞችና የሞለኪውሎች እንቅስቃሴ ነው ሲል ያስተምር ነበር። በሌላው ወገን ኤርንስት ማኽና ቪልሄልም ኦስትቫልድን የመሰሉ ታላላቅ ምሁራን አቶም ማንም ያላየው ግምት ስለሆነ ሳይንስ ሊመሠረትበት አይገባም ይሉ ነበር። ሌላም ከባድ ተቃውሞ ነበር። የቴርሞዳይናሚክስ ሁለተኛ ሕግ ሙቀት በራሱ ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ እንደማይሄድ ይደነግጋል። የሞለኪውሎች እንቅስቃሴ ግን ወደፊትም ወደኋላም ሊሄድ የሚችል ነው። ታዲያ ሊቀለበስ ከሚችል እንቅስቃሴ ሊቀለበስ የማይችል ሕግ እንዴት ይወለዳል? ሎሽሚትና ዘርሜሎ ያነሡት ይህ ጥያቄ ቦልትዝማንን ክፉኛ ፈትኗል።

ስሞሉሆቭስኪ ለዚህ ክርክር ምስክር ያደረጉት በአጉሊ መነጽር የሚታይ ትንሽ ክስተት ነው። በ1827 የዕፅዋት ሊቅ ሮበርት ብራውን በአበባ ብናኝ ውስጥ የሚገኙ ጥቃቅን ቅንጣቶች ውኃ ላይ ሲንሳፈፉ ያለ ማቋረጥ ሲንቀጠቀጡ አየ። እንቅስቃሴው ከሕይወት የመጣ እንዳይሆን በመጠርጠርም ግዑዝ ነገሮችን፣ ከእነዚህም መካከል ከግብፁ ሰፊንክስ የተገኘ ስባሪ ድንጋይ ሳይቀር፣ ፈጭቶ ሞከረ። ሁሉም ተንቀጠቀጡ። ምክንያቱ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት አከራካሪ ሆኖ ቆየ።

የሞለኪውሎች ግጭት ነው የሚለው ማብራሪያ በዘመኑ ውድቅ የተደረገው ጠንካራ በሚመስል ሙግት ነበር። የአንድ ሞለኪውል ምት ቅንጣቱን በሚታይ መጠን ሊያንቀሳቅስ አይችልም፤ ከየአቅጣጫው የሚመጡት ምቶች ደግሞ እርስ በርስ ይጣፋሉ ተባለ። ስሞሉሆቭስኪ የዚህን ሙግት ስሕተት በቁማር ምሳሌ ገለጡ። አንድ ሰው ዘውድ ወይም ጎፈር እየተባባለ 10,000 ጊዜ ሳንቲም ቢወረውርና በእያንዳንዱ ውርወራ አንድ ብር ቢያገኝ ወይም ቢያጣ፣ በመጨረሻ ትርፉና ኪሳራው ፍጹም አይጣፋም። ልዩነቱ እንደ ውርወራዎቹ ቁጥር ስኩዌር ሩት ያድጋልና በ100 ብር አካባቢ ይገኛል። በፈሳሽ ውስጥ ያለ ቅንጣት ደግሞ በየሰከንዱ የሚደርስበት ግጭት 1 ብለን 20 ዜሮዎች የምናስከትልለት ያህል ነው። ከዚህ ብዛት የሚተርፈው ልዩነት በአጉሊ መነጽር ለመታየት ይበቃል።

ስሞሉሆቭስኪ ይህን ሐሳብ ለዓመታት በእጃቸው ይዘው ቆይተው ነበር። ስሌታቸውን በሙከራ ሳያረጋግጡ ማሳተም አልፈለጉምና ዘገዩ። በ1905 አልበርት አይንስታይን ስለዚሁ ጉዳይ በሌላ መንገድ የደረሰበትን ውጤት አሳተመ። ስሞሉሆቭስኪም የራሳቸውን በ1906 ለማውጣት ተገደዱ። ሁለቱ ቀመሮች በቁጥራዊ ማባዣ ብቻ ይለያዩ ነበር፤ ስሞሉሆቭስኪም በኋላ የአይንስታይንን ማባዣ ተቀበሉ። ቀዳሚነቱ ከእጃቸው ቢያመልጥም በሁለቱ መካከል መከባበር እንጂ ቅራኔ አልተፈጠረም። ዣን ፔሬን በፓሪስ ባካሄዳቸው ጥንቃቄ የተሞላባቸው ልኬቶች ቀመሮቹ ትክክል መሆናቸው ሲረጋገጥ ኦስትቫልድ ራሱ የአቶምን መኖር ተቀበለ።

ከፔሬን ልኬቶች አንዱ በወለጋ መልክዓ ምድር በቀላሉ ሊገለጥ የሚችል ነው። በአርጆ ደጋ ያለው አየር ከታች በዴዴሳ ሸለቆ ካለው ይሳሳል። የምድር ስበት ሞለኪውሎቹን ወደታች ሲስባቸው የሙቀት መንቀጥቀጥ ደግሞ ወደላይ ይበትናቸዋል፤ ከሁለቱ ሚዛንም ከፍታ በጨመረ ቁጥር የሚሳሳ አየር ይገኛል። ፔሬን በውኃ ጠብታ ውስጥ ያሉ ቅንጣቶች ይህንኑ ሕግ እንደሚከተሉ አሳየ። ልዩነቱ በአየር ዘንድ ኪሎ ሜትሮችን የሚጠይቀው መሳሳት በጠብታው ውስጥ ከሚሊ ሜትር ባነሰ ከፍታ መታየቱ ነው። ስሞሉሆቭስኪ በ1915 ቅንጣት በውጫዊ ኃይል ሥር ሆኖ ሲንቀጠቀጥ የት የመገኘት ዕድል እንዳለው የሚወስነውን እኩልታ አወጡ። ይህ እኩልታ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

መዋዠቅ በወሳኝ ነጥብ አጠገብ

የብራውን እንቅስቃሴ የአንድ ቅንጣት መዋዠቅ ነው። ስሞሉሆቭስኪ በ1908 ጥያቄውን ወደ ፈሳሹ ራሱ መለሱት። ፈሳሽና ተኑ ልዩነታቸው ጠፍቶ አንድ የሚሆኑበት የሙቀትና የግፊት መጠን ወሳኝ ነጥብ ይባላል። አንድ ንጹሕ ፈሳሽ ወደዚህ ነጥብ ሲቃረብ ግልጽነቱን አጥቶ እንደ ወተት ይነጣል። ክስተቱ ከታወቀ ቢቆይም ምክንያቱ አልተገለጠም ነበር።

የስሞሉሆቭስኪ መልስ የፈሳሹ እፍጋት በየስፍራው ይዋዥቃል የሚል ነው። በማናቸውም ትንሽ ስፍራ ያሉ ሞለኪውሎች ቁጥር አንድ ጊዜ ከአማካዩ ይበልጣል፣ ሌላ ጊዜ ያንሳል። በተራ ሁኔታ ይህ ልዩነት እጅግ ጥቂት ነው። በወሳኝ ነጥብ አጠገብ ግን ፈሳሹ ለመታመቅም ለመስፋፋትም እምብዛም ስለማይቋቋም መዋዠቁ ይጎላል፣ በስፋትም ይዘረጋል። ብርሃን በእነዚህ ያልተስተካከሉ ስፍራዎች ስለሚበተን ፈሳሹ ይነጣል። አይንስታይን በ1910 የዚህን ሐሳብ ሒሳባዊ ቀመር አሟላው። ሥራው የኋላውን ታሪክ ለሚከታተል ልዩ ትርጉም አለው፤ ከመዋዠቅ የሚመነጭ ኃይል በ21ኛው ክፍለ ዘመን በግልጽ የተለካው በዚሁ በወሳኝ ነጥብ አጠገብ ባለ ፈሳሽ ውስጥ ነውና።

በአንድ ወገን ብቻ የሚከፈተው በር

የመዋዠቅ መኖር ሲረጋገጥ አሮጌው ጥያቄ በአዲስ መልክ ተነሣ። ቅንጣቶች ያለ ማቋረጥ የሚንቀጠቀጡ ከሆነ፣ ያንን መንቀጥቀጥ በብልሃት አጥምዶ ሥራ ማሠራት ለምን አይቻልም? ይህ ከተቻለ ነዳጅ ሳይነድ፣ የሙቀት ልዩነትም ሳይኖር፣ በዙሪያችን ካለው አየር ሙቀት ብቻ ለዘላለም የሚሽከረከር ሞተር ይሠራል ማለት ነው። ሁለተኛው የቴርሞዳይናሚክስ ሕግም ይፈርሳል።

ስሞሉሆቭስኪ ይህን ጉዳይ በ1912 በጀርመን ሙንስተር በተካሄደ የሳይንስ ሊቃውንት ጉባኤ ላይ አቀረቡ። ምናባዊ መሣሪያቸው ቀላል ነበር። በጋዝ የተሞሉ ሁለት ክፍሎች በአንድ ቀዳዳ ይገናኛሉ። በቀዳዳው ላይ በደካማ ሞላ የተያዘና በአንድ ወገን ብቻ የሚከፈት ትንሽ በር አለ። ከግራ የሚመጣ ሞለኪውል በሩን ገፍቶ ወደ ቀኝ ያልፋል፤ ከቀኝ የሚመጣው በሩን ይዘጋዋል እንጂ አያልፍም። ጊዜ ሲያልፍ በቀኝ ያለው ግፊት ያይላል፤ በግፊቱ ልዩነትም ሥራ መሥራት ይቻላል። ቢያንስ ላይ ላዩን ሲታይ እንዲህ ይመስላል።

ስሞሉሆቭስኪ ያሳዩት በሩ ራሱ ከተፈጥሮ ሕግ ውጭ አለመሆኑን ነው። በአንድ ሞለኪውል ምት ይከፈት ዘንድ በሩ ቀላል፣ ሞላውም ደካማ መሆን አለበት። እንዲህ ያለ በር ግን በዙሪያው ባሉ ሞለኪውሎች ምትና በራሱ ሙቀት የተነሣ እርሱም የብራውን እንቅስቃሴ ያደርጋል። ያለ ጥሪ ይከፈታል፣ ያለ ጥሪ ይዘጋል። ተከፍቶ ሳለ ከቀኝ ወደ ግራ የሚያልፉት ሞለኪውሎች ከግራ ወደ ቀኝ ባለፉት ልክ ይሆናሉ። በር ጠባቂው እንደሚጠብቀው ሕዝብ ሁሉ የሚንቀጠቀጥ ስለሆነ ጥበቃው ከንቱ ይሆናል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲዞር ማገጃ የተገጠመለት ጥርሳም ጎማም ዕጣው ይኸው ነው፤ ማገጃው ራሱ እየተንቀጠቀጠ ይነሣልና ጎማው በአማካይ ወደየትም አይዞርም።

ከዚህ ትንተና ሁለት ፍሬዎች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ሁለተኛው ሕግ የሚቆምበትን ስፍራ ይወስናል። ሕጉ በእያንዳንዱ ቅጽበትና በእያንዳንዱ ትንሽ ስፍራ የሚጸና ትእዛዝ አይደለም፤ ቅንጣት በገዛ ራሱ ሽቅብ ሲወጣ ሙቀት ለቅጽበት ወደ ሥራ ተለውጧል። ሊገኝ የማይችለው ዘላቂና ተከታታይ ትርፍ ነው። ሁለተኛው ፍሬ በተዘዋዋሪ የተገለጠ ነው። የበሩ ሥራ የሚከሽፈው በሩና ጋዙ በአንድ ሙቀት ላይ ስላሉ ነው። በሩ ከጋዙ ይልቅ እንዲቀዘቅዝ ቢደረግ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል፤ በአንድ ወገን ማሳለፉም እውን ይሆናል። በዚያን ጊዜ ግን ሥርዓቱ ከሚዛን ወጥቷል፣ ከሙቁ ወደ ቀዝቃዛውም ሙቀት ይፈሳል። ለአቅጣጫው የሚከፈለው ዋጋ ያ ፍሰት ነው። ስሞሉሆቭስኪ በበሩ ፈንታ የሚያስብ ፍጡር ቢቀመጥስ የሚለውን ጥያቄ ክፍት አድርገው አለፉት፤ በ1929 ሌዎ ሲላርድ ያንኑ ጥያቄ አንሥቶ መረጃን ከኢንትሮፒ ጋር የሚያያይዘውን የምርምር መስክ ጀመረ።

የመመለሻ ጊዜ

በ1913 ስሞሉሆቭስኪ ወደ ክራኮቭ ያጌሎኒያ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ፤ ከውጭ ሊቃውንት ጋር የነበረውን ግንኙነትም አዳከመው። በእነዚህ ዓመታት የዘርሜሎን ተቃውሞ በቁጥር ለመመለስ ተነሡ። ዘርሜሎ ማናቸውም የሞለኪውሎች አቀማመጥ ከጊዜ በኋላ መመለሱ ስለማይቀር የማይቀለበስ ሂደት ሊኖር አይችልም ብሎ ነበር። ስሞሉሆቭስኪ ይህን አልካዱም። የጠየቁት ለመመለስ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል ብለው ነው።

ለስሌታቸው የስዊድናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ቴዎዶር ስቬድበሪ መዝገብ ተመቻቸው። ስቬድበሪ በአጉሊ መነጽር ሥር በአንዲት ትንሽ ስፍራ የሚገኙ የወርቅ ቅንጣቶችን በደቂቃ 39 ጊዜ፣ በድምሩ 518 ጊዜ ቆጥሯል። አማካዩ 1.55 ቅንጣት ነበር። በአብዛኛው ባዶ፣ 1 ወይም 2 ሲታይ 7 ቅንጣቶች በአንድ ላይ የታዩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በይሆናልነት ስሌት 7 ቅንጣቶች በአማካይ ከ1,105 ቆጠራዎች አንድ ጊዜ ይታያሉ፤ ይህም በየ28 ደቂቃው ገደማ ማለት ነው። ቁጥሩን ወደ 17 ከፍ ብናደርገው ግን ያንኑ ለማየት በዐሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት መጠበቅ ያስፈልጋል። እንግዲህ የሚቀለበስና የማይቀለበስ የሚባለው ልዩነት በተመልካቹ ዕድሜ ይወሰናል። የመመለሻው ጊዜ አጭር ሲሆን መዋዠቅ ያልነው ነገር፣ ከሰው ዕድሜ ሲረዝም የማይቀለበስ ይባላል።

መርጋትና የመጨረሻዎቹ ዓመታት

የመጨረሻው ታላቅ ሥራቸው በ1916 እና በ1917 የታተመው የመርጋት ንድፈ ሐሳብ ነው። በፈሳሽ ውስጥ የተበተኑ ቅንጣቶች እየተንቀጠቀጡ ሲገናኙ ይጣበቃሉ፤ ጥንዶቹ ከሌሎች ጋር ይገናኛሉ፤ በመጨረሻም ይረጋሉ። ስሞሉሆቭስኪ የየመጠኑ ስብስብ ቁጥር በጊዜ እንዴት እንደሚለወጥ የሚገልጹ እኩልታዎችን አወጡ። ከውጤቶቹ አንዱ በመጀመሪያ የነበሩት ቅንጣቶች ብዛት በእጥፍ ሲጨምር፣ ቁጥራቸው ወደ ግማሽ ለመውረድ የሚወስደው ጊዜ በግማሽ ማጠሩ ነው። በወለጋ ቤቶች በቅል ውስጥ የሚቀመጥ ወተት እርጎ ሲሆን የሚፈጸመውም ከዚህ ዘመድ የሆነ ሂደት ነው። አሲድ እየጨመረ ሲሄድ የወተቱ ፕሮቲን ቅንጣቶች እርስ በርስ መገፋፋታቸውን ይተዋሉ፣ በመንቀጥቀጥም ተገናኝተው ይያያዛሉ። የስሞሉሆቭስኪ እኩልታዎች ዛሬ ወተት በሚረጋበት፣ ጭስና ደመና በሚጠራቀሙበት፣ ውኃ በሚጣራበት ጥናት ሁሉ ያገለግላሉ።

በ1916 በተራራ ወጪነታቸው የብር ኤደልቫይስ ተሸለሙ። በ1917 የያጌሎኒያ ዩኒቨርሲቲ ለሬክተርነት መረጣቸው። ሹመቱን ግን ሊረከቡ አልታደሉም። በጦርነቱ በተጎሳቆለችው ክራኮቭ የተቅማጥ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር፤ ስሞሉሆቭስኪም በዚሁ በሽታ ተይዘው ሴፕቴምበር 5 ቀን 1917 በ45 ዓመታቸው ዐረፉ። ሐሳቡን የወረሱት ቦልትዝማን የአቶም ክርክር ሳይቋጭ ራሱን ያጠፋው ከ11 ዓመት በፊት በዚያው በሴፕቴምበር 5 ቀን ነበር። አይንስታይን የስሞሉሆቭስኪን ሥራ የሚዘክር ጽሑፍ አሳተመ። በ1918 ደግሞ በፊዚክስ ውስጥ ዕድል የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነና የይሆናልነት ሕጎች ከየት እንደሚመነጩ የሚመረምረው የመጨረሻ ጽሑፋቸው ከሞታቸው በኋላ ወጣ።

ከስሞሉሆቭስኪ በኋላ

የመዋዠቅ ኃይል ታሪክ በ1948 አዲስ ምዕራፍ ከፈተ። ሆላንዳዊው ሄንድሪክ ካሲሚር ሁለት ያልሞቁና ኤሌክትሪክ ያልያዙ የብረት ገጾች በባዶ ስፍራ እንኳ እርስ በርስ እንደሚሳሳቡ አሰላ። ምክንያቱ የኤሌክትሮማግኔት መስክ በባዶ ስፍራም መዋዠቁ ነው፤ በገጾቹ መካከል የሚፈቀደው መዋዠቅ ከውጭ ካለው የተለየ ስለሆነ ልዩነቱ ግፊት ይሆናል። ግፊቱ እጅግ ትንሽ ነው። ገጾቹ በአንድ ማይክሮ ሜትር ሲራራቁ ወደ 0.0013 ፓስካል ይደርሳል፤ በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101,325 ፓስካል ነው። በ1978 ፊሸርና ደ ዠን ተመሳሳይ ኃይል በወሳኝ ነጥብ አጠገብ ባለ ፈሳሽ ውስጥ እንደሚገኝ ተነበዩ። በ2008 በጀርመን ሽቱትጋርት የሚገኙ ተመራማሪዎች በውኃና በሉቲዲን ድብልቅ ውስጥ በአንዲት ቅንጣትና በመስተዋት ገጽ መካከል ይህን ኃይል በቀጥታ ለኩ። መዋዠቁ ስሞሉሆቭስኪ የፈሳሽን መንጣት ያብራሩበት ዓይነት መዋዠቅ ነበር።

እነዚህ ኃይሎች ሚዛን ባለበት ሥርዓት የሚገኙ ናቸው። ሚዛን ባለበት ገጾቹ ሲቀራረቡ ሥራ ይሠራል፤ መልሶ ለማራራቅ ግን ያንኑ ያህል መክፈል ግድ ነው፤ ስለዚህ በዑደት ትርፍ አይገኝም። ከሚዛን ሲወጣ ሁኔታው ይለወጣል። አንድ ፈሳሽ በአንድ ወገን ሙቅ፣ በሌላው ቀዝቃዛ በሆኑ ገጾች መካከል ሲያዝ መዋዠቆቹ ከገጽ እስከ ገጽ ይዘረጋሉ። በ2013 ኪርክፓትሪክ፣ ኦርቲስ ደ ሳራቴና ዜንገርስ ባሳተሙት ስሌት መሠረት የሙቀቱ ልዩነት ሳይለወጥ የገጾቹ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ከዚህ መዋዠቅ የሚመጣው ግፊት ወደ ግማሽ ይወርዳል። በወሳኝ ነጥብ ላይ ሚዛን ባለበት ግን ተመሳሳዩ ግፊት ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ፍሰት ያለበት ሥርዓት መዋዠቁን ሩቅ ያደርሰዋል ማለት ነው።

የስሞሉሆቭስኪ ጎማም ከ98 ዓመታት በኋላ ዞረ። በ2010 በሆላንድ ትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አራት ክንፎች ያሉትን ዘንግ በሚናወጥ ዕቃ ውስጥ ባሉ የመስተዋት እንክብሎች መካከል አቆሙ። የእያንዳንዱን ክንፍ አንድ ወገን በለስላሳ ነገር ሲሸፍኑት ዘንጉ በአማካይ በአንድ አቅጣጫ ዞረ። ለዚህ ሁለት ነገሮች አስፈላጊ ነበሩ። ክንፎቹ ግራና ቀኛቸው የተለያየ መሆን ነበረበት፤ ዕቃው ደግሞ ያለ ማቋረጥ መናወጥ ነበረበት። እንክብሎቹ በተጋጩ ቁጥር ኢነርጂ ስለሚያጡ መናወጡ ቢቆም ሁሉም ይቆማል። በሰውነታችንም ጡንቻን የሚያሳጥሩት ፕሮቲኖች በሞለኪውሎች መንቀጥቀጥ መካከል ይሠራሉ፤ አቅጣጫ የሚያገኙት ግን ኤቲፒ የተባለውን ነዳጅ ሲያነዱ ነው።

ማጠቃለያ

ስሞሉሆቭስኪ በተወለዱበት ዘመን መዋዠቅ ከልኬት ላይ የሚወገድ ስሕተት ተደርጎ ይታይ ነበር። እርሳቸው ግን መዋዠቅ የአቶምን መኖር የሚመሰክር፣ የሁለተኛውን ሕግ ወሰን የሚያሳይ፣ ሊቆጠርና ሊሰላ የሚችል እውነት መሆኑን አስረዱ። በዚያው ልክ ከመዋዠቅ ያለ ዋጋ ሥራ እናገኛለን የሚለውን ተስፋ ዘጉ። ዛሬ በባክቴሪያ በተሞላ ፈሳሽ፣ በሚናወጥ አሸዋ ወይም በሕያው ሕዋስ ውስጥ የመዋዠቅን ኃይል የሚያጠና ተመራማሪ በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው በሙንስተር የተነሣውን ጥያቄ ነው፤ ኢነርጂው ከየት ገብቶ ወዴት ይወጣል? በአርጆው ቤት የብርሃን ዘንግ ውስጥ አቧራውን የሚያዞረው ምድጃው ነው። ምድጃው ሲጠፋ መንቀጥቀጡ ይቀራል፤ ዑደቱ ግን ማገዶ ተጨምሮ እሳቱ እስኪቀጣጠል ድረስ አይመለስም።